ከሰባተኛው ብልቃጥ የወጡ መርፌዎች

«እና አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያጠፋና ሲያበራ የኖረውን ማራገቢያ በአንድ ቅዳሜ ረስቶት ሞተ ነው የምትሉኝ?»

«ረሳው አላልንም። አጠፋው ነው ያልነው» አለች የቤተ ሙከራው ኃላፊ። «ሁልጊዜ ያጠፋው ነበር፤ ክሪስታሎቹ እንዳይነቃነቁበት። ስንት ጊዜ ተው ብዬዋለሁ።»

«ተው ስትዪው ማን ሰማ?»

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል።»

«ሐዘኔን ለእኔ ተይልኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ‹በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት› ብሎ የጻፈው ማን ነው? እኔ በቀን ስድስት መቶ ሰው አሳፍሬ የምነዳ ሴት ነኝ። ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህ ቃል ከስሙ ላይ እስኪነሳ ድረስ በየቀኑ እመጣለሁ። በሩን ብትዘጉብኝ አውቶቡሱን በሩ ላይ አቆመዋለሁ።»

ጠቡ የተያዘው ከምድር በታች ባለው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ነው። ልጅቱ የአውቶቡስ ነጂ ሰማያዊ ሸሚዟን እንደለበሰች፣ ኃላፊዋ ደግሞ ነጭ ጋውኗን እንደደረበች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ከደረጃው ግርጌ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣለች። ሁለቱም አላዩዋትም። ሲበቃት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መርማሪ ነኝ» አለች። «ይህች ልጅ ጣቢያችን ሦስት ቀን ተመላልሳ ጠረጴዛችንን ስትደበድብ ሰንብታለች። ከእኔ በፊት የመጡት ጉዳዩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘግተውታል። አንድ ሰዓት ለጠፋ ላም እንኳ አይበቃም።»

ድምጿ ለስላሳ ነበር። የሚያውቋት ግን በጣም ስትናደድ ድምጿ እንደሚለሰልስ ያውቃሉ።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነበር። ሟቹ የክሪስታል አብቃይ ነው። በኮሪደሩ ጠንከር ብሎ የሚራመድን ሁሉ «አትርገጡ» እያለ ስለሚቆጣ ስሙ ቀርቶ «ጋሽ አትርገጡ» ሆኗል። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ በሰባት የመስታወት ብልቃጦች ክሪስታል ያበቅላል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ፈሳሽ ውስጥ በሁለት ሽቦ እጅግ ቀጭን ኤሌክትሪክ ይለቅና ሳምንታት ይጠብቃል። እንደ ሽፋሽፍት የቀጠኑ ጥቁር መርፌዎች ቀስ ብለው ያድጋሉ። ንዝረት ካገኛቸው ይሰባበራሉ። ስለዚህ መርፌ በማደግ ላይ እያለ አየር ማውጫውን ማራገቢያ አያበራም። ይህን የማያውቅ በሕንጻው ውስጥ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳው በክፍሉ ውስጥ ተገኘ። ማራገቢያው ጠፍቷል። የፈሳሽ ናይትሮጅኑ በርሜል መክፈቻ ላልቷል፤ በርሜሉም ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፤ ተንኖ አየሩን ያስወጣና ሰውን በሁለት ትንፋሽ ይጥላል። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ይህን ጽፈው ሄዱ።

መርማሪዋ ክፍሉን ያስከፈተችው በጋዝ ሠራተኛዋ ነው። ለማቀዝቀዣ የሚሆኑትን ፈሳሽ ሂሊየምና ናይትሮጅን የምታድል፣ በበጋም ሹራብ የማታወልቅ ሴት ናት፤ «ብርዴ» ይሏታል።

«የት ነበር የወደቀው?»

«እዚያ» አለች ብርዴ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እየጠቆመች። «ማብሪያ ማጥፊያው ሥር። ቀኝ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እኔ ነኝ ያገኘሁት። ዓይኔ ላይ እንደቆመ ነው።»

መርማሪዋ ማብሪያውን አየች፤ ከዚያ በሩን፤ ከዚያ ጠረጴዛውን። ስድስቱ ብልቃጦች ሽቦዎቻቸው እንደተያያዙ ናቸው። የሰባተኛው ብልቃጥ ሽቦዎች ግን ተነቅለው፣ ተጠቅልለው፣ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። ከጎኑ በመስታወት ክዳን ሥር ጥቁር መርፌዎች በወረቀት ላይ ተደርድረዋል። አጠገባቸው አፉ የተከፈተ፣ ፈሳሹ የደረቀ ሳህን አለ። የሟቹ ደብተር የመጨረሻ መስመር በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ «ሰባተኛው ወጣ። ዘጠኝ መርፌ። 4፡20» ይላል።

«ይህ ሳህን ምንድን ነው?»

«መርፌዎቹ የሚታጠቡበት። ሽታው ራስ ይበጣጥሳል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይህን በርሜል ሃምሳ ሊትር ሞልቼ ሳመጣለት እያጠበ ነበር። ‹አፍንጫሽን ያዢ የኔ ልጅ› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ሰባተኛው አስቸግሮት ነበርና።»

«ማራገቢያውስ?»

«ይጮህ ነበር እንጂ። ያለሱ ማን ያጥባል?»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔን የጠየቁኝ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ነው።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች። በሦስት ገጾች ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ዓመታት፣ ያው ጥያቄ ተጽፏል፦ «አየር ሲያንስ የሚጮህ መሣሪያ ለክፍሉ ይገዛ ብዬ ለኃላፊያችን ለዶክተር አመልክቻለሁ።» ከእያንዳንዱ ሥር «ይመጣል ተባልኩ» የሚል አለ። ከዚያ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

የቤተ ሙከራውን ስሌት የሚሠራው ሰው ክንዱ እስከ ክርኑ ነጭ ነው፤ «ጠመኔ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሞ አገኘችው።

«ይህ መርፌ ለምን ይጠቅማል? እንደማያውቅ ሰው አድርገው ያስረዱኝ፤ አላውቅምና።»

«እያንዳንዱን ሞለኪውል አንድ ክፍል ቤት ይበሉት» አለ ጠመኔ። «በየቤቱ አንድ ኤሌክትሮን ይኖራል። እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ ጎረቤቱ ቤት ልግባ ቢል አብረው መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ ሁሉም በየበሩ ቆሞ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ አይተላለፍም። አንዱ ፊቱን ወደ ላይ ካደረገ ጎረቤቱ ወደ ታች ያደርጋል። ማግኔትነታቸው ይህ ነው።»

«ኩርፊያ ነው በሉት።»

«ኩርፊያ ነው። ክሪስታሉ በከባድ ኃይል ሲጨመቅ ግን ቤቶቹ ይቀራረባሉ፤ ነዋሪዎቹም መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ እነዚያው የተኳረፉት ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ አንዳች እንቅፋት ይሄዳሉ። ሱፐርኮንዳክተር የምንለው ይህን ነው። የእኛ አዲሱ የምርምር ጽሑፍ ያለ ምንም ጭመቃ ሆነ ይላል። ማንም አይቶት አያውቅም። ለምን እንደሆነ አርባ ገጽ ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ሲሆን አይተውታል?»

ጠመኔ እጁን አራገፈ። «የለካው ለኪው ነው፤ ልኬት የእሱ ሥራ ነው። እኔ የሰጠኝን አምኜ ነው የምሠራው።»

«ቅዳሜ ሟቹን አግኝተውት ነበር?»

«አምስት ሰዓት ላይ ደውሎ ጠራኝ። ‹ናና መርፌ ቁጠር› አለኝ። ዘጠኙን አብረን ቆጠርን። አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ተወው፤ ‹ሰኞ ትሰማዋለህ› አለኝ።»

ሰኞ ሊያወራ የፈለገው ምን እንደነበር መርማሪዋ ከሟቹ ስልክ አግኝታዋለች። ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሐሙስ የላከልዎትን ያንብቡልኝ።»

ኃላፊዋ ሳታነሳው በቃሏ ደገመችው። «‹ዶክተር፣ ጽሑፉ ከብልቃጥ ሰባት የተወሰዱ አምስት መርፌዎች ተለኩ ይላል። ሰባተኛው ገና አልወጣም። ሰኞ ልምጣና እናውራ። እስከዚያ በእኛ መካከል ይሁን።›»

«የቅዳሜውስ?»

«‹ሰባተኛው ዛሬ ወጣ› ይላል። በጽሑፉ የብልቃጡን ቁጥር የተሳሳትን መስሎኝ ነበር።»

«ጽሑፉ ላይ የማን ስም አለ?»

«የእኔ፣ የለኪውና የስሌቱ። ታትሞ ሊወጣ አሥር ቀን ነው የቀረው።»

«የክሪስታል አብቃዩስ?»

«እሱ በምስጋናው ውስጥ አለ።»

«የሚመሰገንበትን ጽሑፍ ከሁላችሁም በላይ በደንብ ያነበበው እሱ ነበር ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ይህን መልእክት ለማን ነገሩ?»

«ለማንም» አለች ኃላፊዋ። መልሷ ትንሽ ፈጠነ።

ለኪው በትልቁ ማግኔት ክፍል በር ላይ ተቀበላት። መልከ መልካም፣ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«አሳዛኝ ነገር ነው» አለ። «ጋሼን እንደ አባት ነበር የማየው። ግን መርፌ እያሳደገ ማራገቢያ እንደማያበራ ታውቂያለሽ…ይቅርታ፣ ያውቃሉ። አንድ ቀን ይህ እንደሚመጣ ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማግኔቱን አሥራ አራት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አድርጌ ለካሁ። ፋይሉ ከነሰዓቱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ለምሳ እንኳ አልተነሳሁም።»

«የዕለቱ መርፌ ከየትኛው ብልቃጥ ነበር?»

«ከቀድሞዎቹ» አለና ፈገግ አለ። «በሣጥን ነው የሚመጣልኝ። ከታች ባለው ነገር እኔ እጄን አላስገባም።»

ፋይሉን ከፍቶ አሳያት፤ የሚያምሩ አሥራ አራት መስመሮች ነበሩ። ስትወጣ በሩ ላይ ብርዴን አገኘቻት። የማግኔቱን ታንክ አንገት በእጇ እየዳሰሰች ነበር።

«ይህ ነገር ስንት ሂሊየም ይጠጣል?»

«ዝም ብሎ ሲቆም ከንፈሩን ያርሳል እንጂ አይጠጣም። ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ነው የሚጨርሰኝ። አንድ ሙሉ ቀን ከተሠራበት ከአሥር ሴንቲ በላይ ይወርዳል።»

«የት ነው የምትጽፊው?»

«ግድግዳው ላይ። ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜም ጭምር።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አነበበችና ገንጥላ ወሰደችው። ብርዴ ባዶውን ግድግዳ አይታ አጉረመረመች። ከዚያ መርማሪዋ ጠመኔንና ብርዴን ለብቻ ጠርታ አንድ ሥራ ሰጠቻቸው፤ ሁለት ቀንም ጠበቀች።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሁሉም በስብሰባ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የአውቶቡስ ነጂዋ በሩ አጠገብ ነበረች። ሁለት ፖሊሶች ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«እኔ ስለ ኤሌክትሮን የማውቀው ጠመኔ ያስተማሩኝን ኩርፊያ ብቻ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስለዚህ ከማራገቢያው ልነሳ። ከእኔ በፊት የመጡት ሟቹን ማብሪያው ሥር ሲያዩት፣ አጥፍቶ ወደቀ አሉ። አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቁም፦ ለምን ያጠፋል? ማራገቢያ የሚጠፋው ለሚያድግ መርፌ ነው።»

«ስድስቱ እኮ እያደጉ ነበር» አለ ለኪው።

«ነበሩ። ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስድስቱ እያደጉ ሳሉ፣ ማራገቢያው ይጮህ ነበር። ብርዴ ሰምታዋለች። ደብተሩን አንብቤዋለሁ፤ አጠባ ባለበት ቀን ሁሉ የስድስቱን ኤሌክትሪክ ያቋርጥና ‹ስድስቱ አርፈዋል› ብሎ ይጽፋል። የሳህኑ ሽታ እስኪለቅ፣ እስከ ማታ ድረስ ማራገቢያው አይጠፋም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የተሠራው። ከምሳ ሲመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሎ አገኘው። ሳህኑ ተከፍቶ ማራገቢያው ጠፍቷል። ማን አጠፋብኝ ብሎ ሊያበራው ሄደ። ወደ ማብሪያው የተዘረጋው እጅ ሊያበራ የተዘረጋ እጅ ነው። አልደረሰም።»

የአውቶቡስ ነጂዋ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«ስለዚህ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ እሱ ግቢው ውስጥ ምሳውን ሲበላ፣ አንድ ሰው ገባ። ማራገቢያውን አጠፋ፤ የበርሜሉን መክፈቻ አላላ፤ በሩን ዘግቶ ወጣ። ‹ሁልጊዜ ያጠፋው ነበር› እንደምትሉ ያውቃል። ሁላችሁም አላችሁት። ግን ይህ ሰው አንድ ነገር አላወቀም፤ ሰባተኛው ብልቃጥ መውጣቱን። ብልቃጡ ፈሳሹን እንደያዘ ቆሟል። ሽቦው መነቀሉን የሚያስተውለው የለመደ ዓይን ብቻ ነው። ቢያውቅ ኖሮ አጠባ ባለበት ቀን ማራገቢያ አያጠፋም ነበር። ከዚያም በላይ ዘጠኙን መርፌ ይዞ ይሄድ ነበር።»

«መርፌዎቹን ለምን ይወስዳል?» አለች ኃላፊዋ።

«ምክንያቱም ከሰባተኛው ብልቃጥ አምስት መርፌ ተለካ የሚለው ጽሑፍ ሲጻፍ፣ ከሰባተኛው ብልቃጥ አንድም መርፌ አልወጣም ነበር። ሟቹ ይህን ደርሶበታል። ሞቱን ሊፈልግ የሚችለው ስሙ ጽሑፉ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ሦስት ናችሁ። ጠመኔ መርፌዎቹን አብረው ቆጥረዋል። ዶክተር፣ እርስዎ ‹ዛሬ ወጣ› የሚለውን መልእክት ጠዋት ከፍተው አንብበዋል፤ ስልኩ ይመሰክራል። ያልተነገረው አንድ ሰው ነው። ሟቹ ሆን ብሎ ነው ያልነገረው።»

ሁሉም ወደ ለኪው ዞሩ። እሱ እስክሪብቶውን አስተካክሎ አስቀመጠ።

«እኔ ከማግኔቱ አልተነሳሁም» አለ። «ፋይሉን አሳይቻለሁ። አሥራ አራት መስመር።»

መርማሪዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ብርዴ፣ የቅዳሜ ጠዋቱን አንብቢ።»

«ስልሳ ሁለት ሴንቲ።»

«የማታውን።»

«ስልሳ አንድ ተኩል።» ብርዴ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ለኪውን አየችው። «አልጠጣም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የዋለው። እኔ ጅል፣ ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩትም።»

«ማግኔቱ ቅዳሜ አልተነካም» አለች መርማሪዋ። «አሥራ አራቱ መስመር የተሳለ ነው። ሥዕል ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ጠመኔ፣ የሰጠኋችሁን ሥራ ይንገሩን።»

ጠመኔ ተነሣ። «ከዘጠኙ መርፌ ሦስቱን አቀዘቀዝን። ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ነገር የለም። በቀዘቀዘ ቁጥር ይብስ ይዘጋል። ማግኔት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በየበራቸው ቆመዋል። ለሁለት ዓመት ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር። አንተ አርባ ገጽ ስጽፍ ሻይ እያመጣህልኝ ትስቅ ነበር።»

«ይሆናል» አለ ለኪው። ትሕትናው ከፊቱ ላይ ተገፎ ነበር። «ክሪስታሉ ትንሽ ቢጠራ ይሆናል። ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ እናንተ ነበራችሁ የዘገያችሁት። ሦስት ዓመት እዚያ ማግኔት ሥር ጀርባዬን ሰበርኩ። አንድ መርፌ ቆጣሪ መጥቶ በቁጥር ሊያፈርሰው?»

«መቁጠሩን ግን ያውቅበት ነበር» አለች የአውቶቡስ ነጂዋ።

«ሊያፈርሰው መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለች መርማሪዋ በለሰለሰ ድምጽ።

የለኪው ዓይን ወደ ኃላፊዋ ሄደ። ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች።

«አርብ ዕለት ነገርኩት» አለች። «ተነጋግራችሁ በሰላም ጨርሱት ነው ያልኩት። እንዲህ ይሆናል ብዬ…»

«‹በእኛ መካከል ይሁን› ብሎሽ ነበር» አለች የአውቶቡስ ነጂዋ። ቆማለች። «አባቴ ሰው አያስቸግርም። በሕይወቱ የለመነሽ ሁለት ነገር ነው፤ አንድ የሚጮህ ዕቃና አንድ ዝምታ። ሁለቱንም ከለከልሽው። ከዚያ ወረቀት ይዘሽ ጥፋቱ የራሱ ነው አልሽኝ። ከዚህ ሰውዬ ይልቅ አንቺን ነው ማየት ያቃተኝ።»

መርማሪዋ ፖሊሶቹን በዓይኗ ጠቀሰች፤ ለኪውን ከሁለት ወገን ይዘው አወጡት። በሩ ላይ እስክሪብቶዬን ብሎ ዞረ፤ የሰጠው አልነበረም።

መርማሪዋ የመጀመሪያውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ‹በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት› የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። በላዩ ላይ ‹ተገደለ› ብላ ጻፈች፤ ፈረመች።

«ልጄ፣ አባትሽ ያጠፋው ነገር የለም» አለች። «ይህ ዛሬ መዝገብ ይገባል። ያልተገዛው መሣሪያ ደግሞ የራሱ መዝገብ ይከፈትለታል። ዶክተር፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጣቢያ ይምጡ።»

«ነገ?» አለች ኃላፊዋ። «ጽሑፉን እኮ ማስቆም አለብን። ለመጽሔቱ ቶሎ ካልጻፍንላቸው በሳምንት ውስጥ ይታተማል።»

«ጻፊያ» አለ ጠመኔ። «ከፊት የተጻፈው ያንቺ ስም ነው።»

«ስሌቱ ያንተ ነው። ስህተት ተገኘ ብለህ ብትጽፍ ይሻላል።»

«ስህተት? ይህ ስህተት ነው የምትዪው?»

«ጮክ አትበልብኝ።»

«የእናንተን ጽሑፍ ትታችሁ የስድስቱን ብልቃጥ ኤሌክትሪክ ማን እንደሚመልስ ንገሩኝ» አለች ብርዴ። «ሰባት ቀን ሆናቸው። ያ ሁሉ ልፋት ሊበላሽ ነው።»

«አሁን የብልቃጥ ሰዓት ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«እና መቼ ነው? ለእሱ ሥራ መቼ ሰዓት ነበራችሁ?»

የአውቶቡስ ነጂዋ ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አነሣች፤ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋች። አሥር ሰዓት ላይ ተረኛ ናት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሪፖርቱ ላይ ቀን እየጻፈች ነበር። ጠመኔ ከኃላፊዋ ጋር እየተጯጯኸ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ መንገድ ለቀቀላት፤ ዓረፍተ ነገሩንም አላቋረጠም። እሷ በመካከላቸው አልፋ ደረጃውን ወረደች።